ቀሚሷ በአንድ ጎን የወረደባት ልጅ

ጥያቄ፦ «የ13 ዓመት ልጅ አለችኝ። የምንኖረው ባሕር ዳር ነው። ለጥምቀት የሀበሻ ቀሚስ ላሰፋላት ልብስ ሰፊ ጋ ወስጃት ነበር። ሰውየው ሁለት ጊዜ ለክቶ ሰፋው፤ ጫፉ ግን በግራ በኩል ዝቅ ይላል። ‹ጥፋቱ የልብሱ አይደለም፣ ቀኝ ትከሻዋ ከፍ ብሏል› አለኝ። ቤት ገብቼ ሳያት ጀርባዋ ላይ ያለው ሰፊው የትከሻ አጥንት በቀኝ በኩል ወጣ ብሏል። ምንም አያመኝም ትላለች። የወር አበባ ገና አላየችም። ውሃ ሲጠፋ በ20 ሊትር ጀሪካን ታመላልሳለች። ከዚያ የተረፈውን ጊዜ ስልክ ላይ ተጎንብሳ ነው። ያጣመማት ይሄ ነው? ጎረቤቶቼ ወጌሻ ጋ ውሰጃትና ያቃናት ይላሉ። ‹ቀጥ በይ› ስላት ታኮርፋለች። ምን ይሻላል?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ጥያቄዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ልብስ ሰፊው ጥሩ ዓይን አለው። እኛ የፊዚዮቴራፒ (በእንቅስቃሴና በስፖርት የማከም) ክፍል ጋ የሚመጡ ብዙ ልጆች ችግራቸው መጀመሪያ የታየው ቤት ውስጥ ነው። እናት ፀጉር ስትሠራ፣ እህት ጀርባ ስታሽ፣ ወይ እንደ እርስዎ ልብስ ሲለካ።

ረጅሙን ከመጻፌ በፊት አጭሩን ልንገርዎት። ልጅዎን ያጣመማት ጀሪካኑ አይደለም። ስልኩም አይደለም። ወጌሻ ጋ አይውሰዷት። ሐኪም ጋ ግን ይውሰዷት፣ ያውም ወሩ ሳያልቅ። ይህን ያህል የምቸኩለው አንዲት መስመር ስለጻፉልኝ ነው፤ «የወር አበባ ገና አላየችም» የምትለዋ። ምክንያቱን ቆየት ብዬ እነግርዎታለሁ።

አከርካሪያችን 33 አጥንቶች አሉት። 7ቱ የአንገት ናቸው። 12ቱ የጎድን አጥንት የሚያያዝባቸው፣ 5ቱ ደግሞ የወገብ ናቸው። የቀሩት 9ኙ ታች ዳሌ መካከልና ጭራ አጥንት ላይ የተጣበቁት ናቸው። ሰውን ከጎን ስናየው ይህ ዓምድ ቀጥ አይልም። አንገት ላይ ወደ ፊት፣ ደረት ላይ ወደ ኋላ፣ ወገብ ላይ መልሶ ወደ ፊት ይለመጣል። ይህ ጤና ነው፤ ስንራመድ ንዝረቱን የሚውጥልን እሱ ነው። ከኋላ ሲታይ ግን እንደ ግንበኛ ቱንቢ ቀጥ ብሎ መውረድ አለበት።

ከኋላ ሲታይ ወደ ጎን ከታጠፈና አጥንቶቹም በራሳቸው ዙሪያ ከዞሩ ስኮሊዮሲስ እንለዋለን። መዞሩን ልብ ይበሉልኝ። ልብስ አጥበው ሲጨምቁት እንደሚጠማዘዘው ማለት ነው። አከርካሪው ሲዞር የጎድን አጥንቶቹን ይዞ ይዞራል። እነሱ ደግሞ ከላያቸው ያረፈውን የትከሻ አጥንት ወደ ኋላ ይገፉታል። እርስዎ «ወጣ ብሏል» ያሉት አጥንት በራሱ ምንም አልሆነም። ከሥሩ ያለው ነው የገፋው። በልጃገረዶች ላይ ደረት አካባቢ የሚወጣው ጥምዘዛ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቀኝ ነው፤ የጻፉልኝ ሁሉ ከዚህ ጋር ይገጥማል።

መነሻው ምንድን ነው? ከ10 ስኮሊዮሲስ 8ቱ ያህል ምክንያቱ በውል የማይታወቅ ነው። በቤተሰብ ውስጥ የመደጋገም ነገር አለው፤ ስለዚህ ታናናሾቿንም ይዩ። ከ100 ጎረምሶችና ልጃገረዶች 2 ወይም 3 ያህሉ ላይ ይገኛል። ትንሹ ጥምዘዛ ወንዱም ሴቷም ጋ እኩል ነው። ከ30 ዲግሪ የሚያልፈው ግን ሴቶች ላይ እስከ 10 እጥፍ ይበዛል። ለዚህ ነው የሴት ልጅን ጀርባ ከ10 ዓመቷ ጀምሮ ማየት የሚያስፈልገው።

እና ጀሪካኑስ? ጀሪካን በአንድ እጅ የያዘ ሰው ወደ ጎን ያዘነብላል። ሲያስቀምጠው ይቃናል። አጥንት አያዞርም። ምንም ተሸክመው በማያውቁ ልጆችም ላይ ስኮሊዮሲስ ይወጣል። ይህን ደጋግሜ የምናገረው እናቶች ራሳቸውን ሲወቅሱ ስለማይ ነው። «ውሃ ባላስቀዳት ኖሮ» እያሉ ያለቅሳሉ። እህቴ፣ እርስዎ ያጎደሉት ነገር የለም።

እንዲያም ሆኖ 20 ሊትር ለእሷ ብዙ ነው። 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ነው። የ13 ዓመት ልጅ 40 ኪሎ ብትመዝን የራሷን ግማሽ ተሸከመች ማለት ነው። ለትምህርት ቤት ቦርሳ እንኳ የሚመከረው ከሰውነት ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው፤ ለእሷ ከ4 እስከ 6 ኪሎ። ጀርባዋን ባያጣምመውም ያደክማታል፣ ያሳምማታል። ሁለት ባለ 3 ሊትር ጀሪካን ይግዙላት። አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ ትያዝ። ትልቁን ጀሪካን በጋሪ ያስመጡት።

አሁን ዛሬውኑ ቤት ውስጥ የሚያደርጉትን ልንገርዎት። ዊልያም አዳምስ የሚባል እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1865 ያስተማረው ነው፤ እስካሁን የምንጠቀምበት እሱን ነው። መሣሪያ አይፈልግም።

በቀን ብርሃን ያድርጉት። ከእርስዎና ከእሷ በቀር ቤት ውስጥ ሰው አይኑር፤ በዚህ ዕድሜ ያለች ልጅ ታፍራለች። ጀርባዋ ይገለጥ፣ ፀጉሯ ወደ ፊት ይወርወር። ፊቷን ወደ መስኮቱ አድርጋ በባዶ እግሯ ትቁም። እግሮቿን ትግጠም፣ ጉልበቷን ትዘርጋ። ሁለት መዳፎቿን እንደ ጸሎት አጋጥማ ቀስ እያለች ወደ ፊት ታጎንብስ። እርስዎ ከኋላዋ በርጩማ ላይ ይቀመጡ፤ ዓይንዎ ከጀርባዋ ጋር እኩል ይሁን። ጀርባዋ እንደ ሜዳ ሲዘረጋ የቀኙና የግራው ጎድን እኩል ከፍታ አላቸው? ወይስ በአንድ በኩል ጉብታ ይነሳል? የመስኮቱ ብርሃን ጉብታውን አጉልቶ ያሳይዎታል። ከደረት እስከ ወገብ ቀስ ብለው ይከተሉት። ጉብታው ወገብ ላይ ከሆነ ደግሞ አንደኛው እግሯ አጥሮ እንዳይሆን ካጠረው እግር ሥር ቀጭን ደብተር አስገብተው እንደገና ይዩ። በደብተሩ ከጠፋ ነገሩ የእግር ርዝመት ነው።

ስልኳም እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ብዙ ስልኮች ላይ የውሃ ልክ መተግበሪያ አለ፤ አናጢ እንደሚጠቀምበት። ስልኩን በጎኑ አቁመው በሁለት አውራ ጣቶችዎ ደግፈው፣ ጉብታው ጎልቶ በሚታይበት ቦታ ከጀርባዋ መሐል በአግድም ያሳርፉት። አውራ ጣቶቹ የአከርካሪው አጥንት ስልኩን እንዳይነካው ግራና ቀኝ ይሁኑ። 7 ዲግሪና ከዚያ በላይ ካነበበ ራጅ ያስፈልጋታል። ከዚያ በታች ቢሆንም፣ ከጻፉልኝ አንጻር፣ እኔ ብሆን አስመረምራታለሁ።

ራጁ ቆማ መነሳት አለበት። ተኝታ ከሆነ ጥምዘዛው አንሶ ይታያል። ከራጁ ላይ የምናነበው ቁጥር የኮብ ማዕዘን ይባላል፤ ጆን ኮብ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1948 ያስተዋወቀው ነው። ከላይ በጣም ያዘመመውን አጥንትና ከታች በጣም ያዘመመውን አጥንት እንይዛለን። በሁለቱ ላይ መስመር አስምረን በመካከላቸው ያለውን ማዕዘን እንለካለን። ከ10 ዲግሪ በታች ከሆነ ስኮሊዮሲስ አንለውም። ከሐኪሙ ጋ ሳይወጡ ይህን ቁጥር ይጠይቁና ደብተር ላይ ይጻፉት። «ትንሽ ነው፣ አይዞሽ» የሚለው መልስ ብቻውን አይበቃዎትም። ከ6 ወር በኋላ የምናወዳድረው በዚያ ቁጥር ነው።

አሁን ወደዚያች መስመር ልመለስ። ስኮሊዮሲስ የሚከፋው ልጅ ስታድግ ነው። ሴት ልጅ ቁመቷ በፍጥነት የሚመዘዘው የወር አበባ ከማየቷ በፊት ባለው ጊዜ ነው። ካየች በኋላ እድገቷ እየቀዘቀዘ ሄዶ 2 ዓመት ገደማ ላይ ያበቃል። የእርስዎ ልጅ ገና እየተመዘዘች ነው። 727 ልጆችን የተከታተለ እ.ኤ.አ. በ1984 የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት አለ። ጥምዘዛቸው ከ20 እስከ 29 ዲግሪ ከነበረና ብዙ እድገት ከሚቀራቸው ልጆች 68 በመቶው ብሶባቸዋል። ያው ጥምዘዛ ኖሯቸው እድገታቸው ወደ ማለቁ ከነበሩት ግን የባሰባቸው 23 በመቶው ናቸው። ዲግሪው አንድ፣ ዕጣው ሌላ። ለዚህ ነው ቀኑን የምቆጥረው።

እኔም ይህን የተማርኩት በልጅ ዋጋ ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንዲት 12 ዓመቷ የሆነ ልጅ መጣች። ጥምዘዛዋ ትንሽ ነበር። «በዓመቱ ተመለሱ» ብዬ ሸኘኋቸው። የወር አበባ አይታ እንደሆነ አልጠየቅኩም። በዓመቱ ስትመለስ በ10 ሴንቲ ሜትር ረዝማ ነበር፣ ጥምዘዛዋም እጥፍ ሆኖ ነበር። እናቷ አልወቀሰችኝም። እኔ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ይህን ጥያቄ ሳልጠይቅ ያሳለፍኳት ልጅ የለችም።

ሕክምናው በዲግሪውና በቀረው እድገት ይወሰናል። ከ25 በታች ከሆነ በየ4 ወይም በየ6 ወሩ እንከታተላለን፣ ስፖርት እንሰጣለን። ከ25 እስከ 40 ከሆነና እድገት ከቀራት ብሬስ ይታዘዛል፤ ከብብት እስከ ዳሌ የሚይዝ ጠንካራ የፕላስቲክ ቀበቶ ነው። ከ45 ወይም ከ50 ሲያልፍ ስለ ቀዶ ሕክምና እንነጋገራለን። ምክንያቱም ከ50 በላይ የሆነው እድገት ካቆመ በኋላም በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት ይጨምራል።

ስለ ብሬሱ ትንሽ ልቆይ፤ ወላጆች ብዙ ጊዜ ሳይሞክሩት የሚተዉት እሱን ነው። ብሬስ የተጣመመውን አያቃናም። ያለበት ላይ ያቆመዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት ብሬስ ካደረጉት 72 በመቶው፣ ካላደረጉት ደግሞ 48 በመቶው 50 ዲግሪ ሳይደርሱ እድገታቸውን መጨረሳቸውን አሳይቷል። በቀን ወደ 13 ሰዓትና ከዚያ በላይ ያጠለቁት ላይ ውጤቱ ከ90 በመቶ ያልፋል። ሥራውን የሚሠራው ሰዓቱ ነው። ችግሩ ሙቀቱ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ የባሕር ዳርን ሙቀት ያውቁታል። ከሥሩ ስፌቱ የማይቆረቁር ስስ የጥጥ ካናቴራ ትልበስ፤ ሁለት ሦስት ይኑራት፣ ሲያልባት ትቀይር። ቆዳዋ ላይ ቅባት ወይም ቫዝሊን አትቀባ፣ ቆዳውን ያለሰልስና ያቆስለዋል። ብሬሱን አውልቃ ቆዳው ላይ ያለው ቅላት በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካልጠፋ ወደ ሠራው ባለሙያ ትመለስ። ስፖርት ስትሠራና ስትታጠብ ታውልቀዋለች። ስለ ብሬስ አሠራር ከተማችን ባለው የአካል ተሃድሶ ማዕከልም መጠየቅ ይችላሉ።

ለስኮሊዮሲስ ተብሎ የተዘጋጀ ስፖርትም አለ። ካትሪና ሽሮት የምትባል ጀርመናዊት የጀመረችው ነው። እሷ ራሷ ስኮሊዮሲስ ነበረባት። መስታወት ፊት ቆማ የጎደጎደውን የጎኗን ክፍል በትንፋሽ እየሞላች ማቃናትን ተለማመደች፣ ከዚያ እ.ኤ.አ. ከ1921 ጀምሮ ሌሎችን ማከም ያዘች። ልጅዎም ይህን ከባለሙያ ጋር ትማረው። ከቪዲዮ አይቶ መኮረጅ አይሆንም፣ የሷን ጥምዘዛ አቅጣጫ ያላየ ሰው በተቃራኒው ሊያሠራት ይችላል።

ብዙ ሰው «ዋና ያቃናታል» ይላል። ዋና ጥሩ ስፖርት ነው፤ ጥምዘዛን ግን አያቃናም። ጣና ውስጥ ደግሞ ቢልሃርዚያ እንዳለ አይርሱ። ከመዋኘት ይልቅ ገመድ ትዝለል፣ ትሩጥ፣ ኳስ ትጫወት። ከስፖርት ክፍለ ጊዜ የሚያስቀራት ምንም ምክንያት የለም።

ቀዶ ሕክምና ላይ ቢደርስ አገር ውስጥ ትልልቆቹ የአጥንት ክፍሎች ያሉት አዲስ አበባ ነው። እጅግ የተወሳሰበ ጥምዘዛ የነበራቸው ብዙ ኢትዮጵያውያን ልጆች ደግሞ በአሜሪካዊው ሐኪም በዶክተር ሪክ ሆድስ ፕሮግራም በኩል ጋና፣ አክራ ድረስ ሄደው ታክመው ተመልሰዋል። ይህን የምጽፈው እንዲፈሩ አይደለም። የልጅዎ ነገር ገና ከመነሻው ስለታየ እዚያ ሳይደርስ ሊቆም ይችላል።

አሁን ወጌሻው።

የወጌሻን እጅ የምንቅ ሰው አይደለሁም። የተወለቀ ትከሻና የዞረ ቁርጭምጭሚት ሲመልሱ አይቻለሁ። አከርካሪ ግን ሌላ ነገር ነው። በመካከሉ ሕብለ ሠረሰር ያልፋል፤ ከአንጎል ወደ እግር፣ ወደ ሽንትና ወደ ሰገራ የሚሄደው ትእዛዝ ሁሉ በዚያ ነው። በጥንታዊት ግሪክ የጎበጠ ሰውን መሰላል ላይ አስረው ከከፍታ ይለቁት ነበር። ሂፖክራተስ ራሱ በዚህ መንገድ የተቃና ሰው አላየሁም ብሎ ጽፏል። ከ2,000 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ መጎተቱ ግን እስከ ዛሬ አልቀረም።

አንድ ልጅ ትዝ ይለኛል። 9 ዓመቱ ነው። ከሐይቁ ዳር ከአንድ የገጠር ቀበሌ አባቱ አዝለው አመጡት። ጀርባው መሐል ላይ ሹል ጉብታ ወጥቶ ነበር፣ እንደ ጉልበት የታጠፈ። ማታ ማታ ያለቅሳል፣ ያተኩሰዋል፣ ከስቷል። ወጌሻ ለሦስት ቀን አሽቶታል፣ ተጭኖታል። በአራተኛው ቀን እግሮቹ አልታዘዝ አሉት። የልጁ ችግር ስኮሊዮሲስ አልነበረም። የአከርካሪ ቲቢ ነበር። ቲቢ አጥንቱን በልቶ ከፊት ሲደረምሰው ጀርባ ወደ ኋላ ሹል ሆኖ ይወጣል። በዚያ ላይ መጫን ማለት የተሰበረ ግድግዳ መግፋት ነው። ልጁ መድኃኒቱን ጀመረ። የአጥንት ቲቢ ሕክምና ከሳንባው ይረዝማል፣ እስከ 1 ዓመት ይሄዳል፣ በመንግሥት ጤና ተቋማት ደግሞ በነጻ ነው። ከ5 ወር በኋላ በክራንች ወደ ክፍሌ ሲገባ አባቱ በሩ ላይ ቆመው አለቀሱ።

ስለዚህ እነዚህን ካዩ ቀጠሮ አይጠብቁ፣ በዚያው ቀን ይሂዱ፦ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ የጀርባ ሕመም፣ ትኩሳት፣ ክሳት፣ ሹል ጉብታ፣ የእግር መዛል ወይም መደንዘዝ፣ ሽንትና ሰገራ አለመቆጣጠር። ወገቧ መሐል ላይ ከልደት ጀምሮ ችምችም ብሎ የበቀለ ፀጉር ወይም የተለየ ምልክት ካለ ደግሞ ለሐኪሙ ይንገሩ። ፀበል ልውሰዳት የሚሉ እናቶችም አሉ። ይውሰዷት፣ እምነትዎ ነው። ቀጠሮዋንና ራጇን ግን አያስቀሩ።

የቀረው አቀማመጥና አቋቋም ነው። «ቀጥ በይ» የሚለውን ለጊዜው ይተዉላት። የዞረ አጥንት በትእዛዝ አይመለስም። ልጅቷም የማትችለውን እየጠየቋት ስለሆነ ነው የምታኮርፈው። «ጎባጣ» የሚል ቃል ደግሞ ከማንም አፍ እንዳይወጣ ያድርጉ። ታላቅ ወንድም በቀልድ የሚላት ነገር ልጅ ትከሻዋን አጥፋ፣ በነጠላ ተሸፍና እንድትኖር ያደርጋታል። እኔ ጋ ከሚመጡት ልጆች ብዙዎቹ ከጥምዘዛው ይልቅ የሚያማቸው ይሄ ነው።

ስልክ ላይ መጎንበሷ ግን የራሱ ጉዳይ ነው። ደረት አካባቢ ያለው ጀርባ ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ወደ ኋላ ቢለመጥ ጤናማ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ካይፎሲስ ይባላል፣ ጉብጠት። ለመለየት በሆዷ ትተኛና ደረቷን ከወለሉ ቀና ታድርግ። ጉብታው ከጠፋ የልማድ ነው፣ በስፖርት ይስተካከላል። ድርቅ ብሎ ከቀረ ሐኪም ይየው።

ጭንቅላት 5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ቀና ስትል አከርካሪው ይሸከመዋል። ስታጎነብስ የአንገትና የጀርባ ጡንቻ ይዞ ይውላል፣ ለዚህ ነው የሚያማት። ስልኩን ወደ ዓይኗ ታንሳው፣ ክርኗን ትራስ ላይ ታሳርፍ። ስታጠና ወንበሩ እግሯ መሬት የሚነካበት ቁመት ይሁን፤ ካልነካ ከእግሯ ሥር ጡብ ወይም ካርቶን ያስገቡ። መጽሐፉን ከጠረጴዛው ላይ በሌላ መጽሐፍ ደግፋ ታቁመው።

ከሁሉም በላይ ግን ትንቀሳቀስ። በአከርካሪ አጥንቶቻችን መካከል ያሉት ለስላሳ ትራሶች፣ ዲስኮች፣ የደም ሥር የላቸውም ማለት ይቻላል። ምግባቸውን የሚያገኙት እንደ ስፖንጅ ሲጨመቁና ሲለቀቁ ነው። ጠዋት ቁመታችን ከማታው በ1 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚበልጠውም ሌሊት ዲስኮቹ ውሃ ስለሚጠጡ ነው። ስለዚህ ድርቅ ብሎ «ቀጥ» ማለትም ለሰዓታት ከሆነ ያደክማል። ማሕሌት ላይ ካህናቱን ይመልከቷቸው። ሌሊቱን ሙሉ ይቆማሉ። መቋሚያው ላይ ይደገፋሉ፣ ክብደታቸውን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ያዛውራሉ፣ በዝማሜው ይወዛወዛሉ። ከዚህ የተሻለ የአቋቋም ትምህርት አላውቅም። ልጅዎም በየግማሽ ሰዓቱ ትነሳ፣ ሁለት ደቂቃ ትራመድ፣ ትንጠራራ።

እርስዎም ወገብዎን ይጠብቁ። ስለራስዎ አልጻፉም፤ ግን ጀሪካኑን ከቧንቧው ሥር የሚያነሱት እርስዎ እንደሆኑ እገምታለሁ። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ አንድ ጥናት የአንድ ፈቃደኛ ሰው ዲስክ ውስጥ የግፊት መለኪያ አስገብቶ 20 ኪሎ አስነሥቶት ነበር። ልክ የእርስዎ ጀሪካን! ጀርባውን ቆልምሞ ሲያነሳ ግፊቱ ዝም ብሎ ከመቆም ከ4 እጥፍ በላይ ሆነ። ጉልበቱን አጥፎ ሲያነሳ 3 እጥፍ ተኩል ገደማ። ቆሞ ደረቱ ላይ አስጠግቶ ሲይዘው 2 እጥፍ ያህል ብቻ። ስለዚህ ወደ ጀሪካኑ ጠጋ ይበሉ፣ እግርዎን ከፈት አድርገው ጉልበትዎን ይጠፉ፣ ከሰውነትዎ አጣብቀው ይነሱ። ጀሪካኑን ይዘው ወገብዎን አያዙሩ፤ መዞር ካለብዎት እግርዎ ይዙር። ልብስ የሚያጥቡበትን ሳፋ ከመሬት አንሥተው ወንበር ላይ ያስቀምጡት። ምጣዱንም ከፍ ያለ መደብ ላይ ቢያደርጉት ወገብዎ በአንድ ሳምንት ውስጥ ልዩነቱን ያውቀዋል።

አንድ ያልጠየቁኝ ነገር አለ፤ ሌሎች እናቶች ግን በሩን ዘግተው ይጠይቁኛል። «ወልዳ ለመሳም ትበቃለች?» አዎ። ስኮሊዮሲስ ያለባቸው አብዛኞቹ ሴቶች እንደ ማንኛዋም ሴት አርግዘው ይወልዳሉ። በቀዶ ጥገና የምትወልድ ከሆነ ወገብ ላይ መርፌ የሚወጋው የማደንዘዣ ባለሙያ አስቀድሞ እንዲያውቅ መንገር ብቻ ነው።

ለጉዞው እንዲህ ያድርጉ። መጀመሪያ ቀበሌያችሁ ያለው ጤና ጣቢያ ሄደው ሪፈር ያጽፉ፤ በተለይ የማኅበረሰብ ጤና መድን ካለዎት ያለ ሪፈር እንዳይጉላሉ። ከዚያ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል፣ የአጥንት ክፍል ይሂዱ። ከመሄዳችሁ በፊት እንደዚያው አጎንብሳ ከኋላዋ ፎቶ ያንሷትና በስልክዎ ይያዙት። ዛሬ ቁመቷን በሩ መቃን ላይ በእርሳስ ምልክት ያድርጉና ቀኑን ይጻፉበት፤ በየወሩ ይድገሙት። ምን ያህል በፍጥነት እያደገች እንደሆነ ሐኪሙ የሚያውቀው ከዚያ ነው። የራጁን ፊልም አይጣሉ፣ ፀሐይ በማይነካው ቦታ ያኑሩት። ራጁን ካነሳችሁ በኋላ ዲግሪውን ይጻፉልኝ፤ ቀጣዩን አብረን እናያለን።

ቀሚሱንም ለልብስ ሰፊው ይመልሱለት። በግራ በኩል ጫፉን ሁለት ጣት ያህል ያሳጥረው፣ ቀኝ ትከሻው ላይ ትንሽ ይልቀቅላት። ለጥምቀት ትልበሰው።